የመጨረሻው ደወልና የትምህርት ቤቱ ደጅ

በናይሮቢ ከተማ በዌስትላንድስ ሠፈር ስለሚታየው የመኪና መጨናነቅ ለመምህራን የቀረበ ንግግር

የትምህርት ቤት ቀን በደወል ይጀመራል፤ በደወልም ይፈጸማል። ስለ መጀመሪያው ደወል ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ስለ ሰዓት ማክበር፣ ስለ ሰልፍ፣ ስለ ንጽሕና የሚሰጠው ምክር ሁሉ ከጧቱ ደወል ጋራ የተያያዘ ነው። ስለ መጨረሻው ደወል የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ደብተር ከተከደነ፣ ጥቁር ሰሌዳውም ከተጠረገ በኋላ የአስተማሪው የቀን ሥራ የተፈጸመ ይመስላል፤ ነገር ግን ሕፃኑ ገና ከቤቱ አልደረሰም። በትምህርት ቤቱ በርና በወላጆቹ ደጃፍ መካከል ያለው መንገድ የማን ኀላፊነት እንደ ሆነ በግልጥ ስለማይወሰን፣ ብዙ ጊዜ የሁሉም ነው እየተባለ የማንም ሳይሆን ይቀራል። የዚህ ንግግር ጕዳይ ይኸው መንገድ ነው፤ ይልቁንም ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ በሚመጡበት ሰዓት በትምህርት ቤት ደጅ የሚደርሰው የመኪና መጨናነቅ ነው።

ለምሳሌ የተመረጠው ቦታ በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ የሚገኘው የዌስትላንድስ ሠፈር ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አልተደረገም። በዚያች ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውንም በዚያው ያስተምራሉ። ከዚህም በላይ በዌስትላንድስ የሚታየው ነገር በአዲስ አበባ በቦሌ፣ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያና በቸርችል ጐዳና አካባቢ ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት ለሚያልፍ ሰው እንግዳ አይደለም። የጐረቤትን ቤት አይቶ የራስን ቤት ማደስ የብልህ ሰው ሥራ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸው በቅድሚያ ይታወቅ።

፩

ናይሮቢ የባቡር ሐዲድ ልጅ ናት። ከሞምባሳ የተነሣው ሐዲድ በ1899 ከዚያ ረግረጋማ ሜዳ በደረሰ ጊዜ የሠራተኞች ሠፈር ተተከለ፤ ሠፈሩም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ ሆነ። ከተማይቱ እየሰፋች ስትሄድ መሬቱ በሰው ዘር ተከፋፈለ። ከፍ ያለውና ነፋሻው የምዕራብ ወገን ለአውሮጳውያን ተሰጠ፤ ፓርክላንድስ ከጊዜ በኋላ በብዛት የሕንዳውያን መኖሪያ ሆነ፤ ዝቅተኛው የምሥራቅ ወገን ደግሞ ለአፍሪካውያን ተተወ። ትምህርት ቤቶቹም እንደዚሁ በዘር የተለያዩ ነበሩ። ዌስትላንድስ በዚያ ዘመን ግቢው ሰፊ፣ ዛፉ ብዙ፣ ቤቶቹም ራቅ ራቅ ብለው የተሠሩ ሠፈር ነበረ። መንገዶቹ ለነዚያ ጥቂት ቤቶች እንዲበቁ ተደርገው ስለ ተቀየሱ ጠባቦች ነበሩ።

በ1948 ቶርንተን ኋይት፣ ሲልበርማንና አንደርሰን የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ለናይሮቢ ጠቅላላ ፕላን አወጡ። በፕላኑ ውስጥ ከገቡት ሐሳቦች አንዱ አሜሪካዊው ክላረንስ ፔሪ በ1929 ያሳተመው የጐረቤት ሠፈር ሐሳብ ነበረ። ሐሳቡ ባጭሩ ሲገለጥ እንዲህ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በሠፈሩ መካከል ይሠራል፤ ታላላቆቹ መንገዶች በሠፈሩ ዳርቻ ብቻ ያልፋሉ፤ ስለዚህ ሕፃኑ ከቤቱ ተነሥቶ ታላቅ መንገድ ሳያቋርጥ በእግሩ ከተማሪ ቤት ይደርሳል። እንግዲህ ስለ መንገድና ስለ ተማሪ ማሰብ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ የተተከለበት አፈር የዘር ልዩነት የነገሠበት ስለ ነበረ፣ ሁሉም ልጅ እኩል አልተጠቀመበትም።

ኬንያ በ1963 ነጻነቷን ባገኘች ጊዜ የዘሩ አጥር ፈረሰ። ከዚያም ወዲህ ትምህርት ቤት የሚመረጠው በሠፈር ቅርበት ሳይሆን በስሙና በክፍያው ሆነ። በዌስትላንድስና በአካባቢው የቆዩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ለምሳሌ ያህል በራፕታ መንገድ የሚገኘው የቅድስት ማርያም ትምህርት ቤት የተመሠረተው በ1939 ነው። በእነዚህና በኋላ በተከፈቱት ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የሚማር ልጅ ቤቱ ከከተማይቱ ማዶ ሊሆን ይችላል። ፔሪ ያሰበው ሕፃን በእግሩ ይሄድ ነበረ፤ የዛሬው ሕፃን ግን በመኪና ከአንዱ ሠፈር ወደ ሌላው ይመላለሳል።

የሕዝቡም ቍጥር እንደ ድሮው አልቀረም። በ1948 ናይሮቢ 120,000 ያህል ሕዝብ ነበራት፤ በ2019 የተደረገው ቈጠራ ግን 4,397,073 ሰው መዘገበ። ግቢያቸው ሰፊ የነበሩት የዌስትላንድስ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው በቦታቸው ብዙ ፎቅ ያላቸው አፓርታማዎችና መሥሪያ ቤቶች ተሠሩ። የራፕታ መንገድ ነዋሪዎች ፎቁ በዛ ብለው እስከ ፍርድ ቤት ሄደዋል። በ2022 ደግሞ ከምሎሎንጎ ተነሥቶ 27 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የክፍያ ፈጣን መንገድ ተከፈተ፤ ፍጻሜውም በዌስትላንድስ በዋያኪ ጐዳና ላይ ነው። ከሩቅ በፍጥነት የመጣው መኪና ከዚያ ላይ ሲወርድ የሚያገኘው ያንኑ የጥንቱን ጠባብ የሠፈር መንገድ ነው። ውሃ በሰፊ ቦይ መጥቶ በጠባብ ቀዳዳ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማንም ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም።

፪

እንግዲህ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው ይባል። በስዋሂሊ ቋንቋ ሰዓት የሚቈጠረው እንደ ኢትዮጵያ ልማድ ከንጋት ጀምሮ ስለ ሆነ፣ «ሳአ ቲሳ» ማለት በሁለቱም ሕዝብ ዘንድ ያው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ደወሉ ገና አልተደወለም። ነገር ግን በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር መኪናዎች በሁለቱም ወገን ተሰልፈው ቆመዋል። አንዳንዱ ሾፌር ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል፤ አንዳንዱ ሁለት ጐማውን በእግረኛው መንገድ ላይ አውጥቷል፤ አንዱ ደግሞ የሰው ቤት በር ዘግቶ «አሁን እነሣለሁ» ይላል። በመካከሉ የቀረው ቦታ ለአንድ መኪና ብቻ ስለ ሆነ፣ ከላይና ከታች የመጡት ሁለቱ ይፋጠጣሉ። ቢጫው የተማሪዎች አውቶቡስ ከግቢው ለመውጣት አፍንጫውን አውጥቶ ይቀራል። ቦዳ ቦዳ የሚባለው የኪራይ ሞተር ብስክሌት በቀረችው ቀዳዳ ሁሉ ይሾልካል። ዘበኛው ያፏጫል፤ የሚሰማው ግን የለም። ከዚያ በኋላ ደወሉ ይደወላል፤ በመቶ የሚቈጠሩ ሕፃናትም በአንድ ደቂቃ ከበሩ ይፈስሳሉ።

ይህን ሁሉ አይቶ ብዙ ሰው የሚሰጠው ፍርድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «የመኪና ማቆሚያ ቦታ አንሷል» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ወላጆች ሥነ ሥርዓት የላቸውም» የሚል ነው። ሁለቱም ፍርዶች ነገሩን በሚገባ አይመረምሩትም።

ስለ መጀመሪያው ፍርድ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል። በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር 100 ሜትር ርዝመት ያለው የመንገድ ዳር አለ እንበል። አንድ መኪና ቆሞ ለመነሣት 6 ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ 16 መኪናዎች ይቆማሉ። እያንዳንዱ መኪና 20 ደቂቃ ቢቆይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ዙር ብቻ ይሆናል፤ ጠቅላላውም 48 መኪና ነው። እያንዳንዱ 2 ደቂቃ ብቻ ቢቆይ ግን 30 ዙር ይሆናል፤ ጠቅላላውም 480 መኪና ነው። መንገዱ አንድ ስንዝር ሳይጨመርበት አሥር እጥፍ ሠራ ማለት ነው። እንግዲህ በትምህርት ቤት ደጅ የጐደለው ቦታ ሳይሆን የቦታው አጠባበቅ ነው። አንዱ መኪና ባዶውን 20 ደቂቃ የያዘው ቦታ የዘጠኝ ሌሎች ወላጆች ተራ ነበረ።

አዲስ ማቆሚያ ቢሠራስ? ለአንድ ወር ያህል መንገዱ ቀለል ይላል። ቀለል ማለቱን የሰማ ወላጅ፣ ቀድሞ ልጁን በአውቶቡስ ይልክ የነበረው ሁሉ፣ የራሱን መኪና ይዞ ይመጣል። ከጥቂት ጊዜ በኋላም አዲሱ ማቆሚያ እንደ አሮጌው ይሞላል። ይህን ነገር በዓለም ላይ ያሉ ከተሞች ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ተምረውታል፤ ድጋሚ በገንዘብ መማር አያስፈልግም።

ስለ ሁለተኛው ፍርድ ሲነገር፣ ወላጅን መንቀፍ ቀላል ነው፤ ማስተዋል ግን ይበልጣል። በሠርግ ዳስ ውስጥ አንድ ሰው ሙሽሮቹን ለማየት ብድግ ቢል ከኋላው ያለው ይነሣል፤ ከዚያም ሁሉ ይነሣል፤ በመጨረሻ ሁሉም ቆሞ ማንም ከመጀመሪያው አብልጦ አያይም። በትምህርት ቤት ደጅ የሚሆነው እንዲሁ ነው። አንዷ እናት ቦታ እንዳታጣ ከደወሉ 10 ደቂቃ ቀድማ ትመጣለች፤ ይህን ያየ ሌላው በማግሥቱ 15 ደቂቃ ይቀድማል፤ በሚቀጥለው ሳምንት 30 ደቂቃ ይሆናል። እያንዳንዱ ለየራሱ ሲታይ አስተዋይ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲታዩ ግን ራሳቸውን በራሳቸው ያሠሩ ናቸው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው እዚህ ላይ ይፈጸማል።

የወላጆችም ፍርሃት ከንቱ አይደለም። በሴፕቴምበር 2013 በዚሁ በዌስትላንድስ በዌስትጌት የገበያ ማዕከል የደረሰው የሽብር ጥቃት የብዙ ንጹሓን ሰዎች ሕይወት አጥፍቷል፤ ከሟቾቹም መካከል ሕፃናት ነበሩ። እንዲህ ያለ ነገር በሠፈሩ ያየ ወላጅ ልጁን ከበሩ ላይ በገዛ እጁ ለመቀበል ቢፈልግ ሊነቀፍ አይገባም። የሚያሳዝነው ግን ልጁን ከአደጋ ለማዳን የመጣው መኪና ራሱ ለሌላው ልጅ አደጋ መሆኑ ነው።

፫

የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከሁሉ አስበልጦ የሚገድላቸው የመንገድ አደጋ ነው። ሕፃን ለምን ከትልቅ ሰው ይልቅ እንደሚጐዳ መምህር ጠንቅቆ ሊያውቀው ይገባል። አንደኛ፣ ቁመቱ አጭር ስለ ሆነ በሁለት በቆሙ መኪናዎች መካከል ብቅ ሲል ሾፌሩ አያየውም፤ እርሱም መኪናውን አያይም። ሁለተኛ፣ ዓይኑና አእምሮው የሚመጣውን መኪና ፍጥነት እንደ ትልቅ ሰው መገመት ገና አይችሉም። ሦስተኛ፣ ከመንገዱ ማዶ እናቱን ወይም ጓደኛውን ካየ ሌላውን ሁሉ ረስቶ ይሮጣል። አራተኛ፣ አፍንጫው ለመኪናው የጢስ ማውጫ ቅርብ ስለ ሆነ፣ ሞተራቸው ሳይጠፋ የቆሙት መኪናዎች የሚተፉትን ጢስ ከአባቱ አብልጦ የሚተነፍሰው እርሱ ነው።

ከኢትዮጵያ ለሄዱ ልጆች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ከ1964 ጀምሮ መኪና በቀኝ እንዲነዳ አድርጋለች፤ በኬንያ ግን ዛሬም በግራ ይነዳል። በአዲስ አበባ መንገድ ለማቋረጥ በመጀመሪያ ወደ ግራ መመልከት የለመደ ልጅ፣ በናይሮቢ ቅርቡ መኪና የሚመጣበት በቀኙ በኩል ነው። ይህ ለትልቅ ሰው ትንሽ ነገር ነው፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን የሕይወትና የሞት ትምህርት ነው። የልጁን መዝገብ የሚቀበል አስተማሪ ከየት አገር እንደ መጣ ሲጠይቅ፣ ይህንም አስቦ ሊያስተምረው ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ግን መኪና የሌለው ልጅ ነው። በዋያኪ ጐዳና ወደ ምዕራብ ጥቂት ሲኬድ ካንጌሚ የሚባል ሕዝብ የበዛበት የድኾች ሠፈር አለ፤ በምርጫ አከፋፈል ካንጌሚም ራሱ የዌስትላንድስ ክፍል ነው። ከዚያና ከመሰሎቹ ሠፈሮች ብዙ ልጆች ወደ ትምህርት ቤታቸው የሚሄዱት በእግራቸው ነው። የናይሮቢ ሕዝብ በየቀኑ ከሚያደርገው ጉዞ ታላቁን ድርሻ የሚይዘውም በእግር የሚደረገው ጉዞ ነው፤ በግል መኪና የሚሄደው ከሕዝቡ ጥቂቱ ነው። እንግዲህ በትምህርት ቤት ደጅ መኪናው የእግረኛውን መንገድ ሲይዝ፣ ጥቂቶቹ ልጆች በመኪና ወንበር ላይ በደኅና ተቀምጠው፣ በእግሩ የሚሄደው ልጅ ወደ አስፋልቱ መካከል ይገፋል። አደጋውን ያላመጣው ልጅ የአደጋውን ዕዳ ይከፍላል። ድሮ ልጆችን በዘር የለየው አጥር ፈርሷል፤ በመንገዱ ዳር በቆርቆሮ የተሠራ ሌላ አጥር እንዳይተካበት መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሕግና ደንብ የለም ማለት አይቻልም። በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት የከተማ መንገድ፣ የትራፊክና የመኪና ማቆሚያን ጕዳይ ለካውንቲ አስተዳደሮች ሰጥቷል። የናይሮቢ አስተዳደር በ2015 ስለ እግረኛና ስለ ብስክሌት የራሱን ፖሊሲ አውጥቷል። በ2017 በሥራ ላይ የዋለው የትራፊክ ሕግ ማሻሻያም የተማሪ ማመላለሻ መኪናዎች ሁሉ ቢጫ ቀለም እንዲቀቡ አዝዟል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ ሲቀር፣ በዘጠኝ ሰዓት በበሩ ላይ ቆሞ የሚያስፈጽመው ሰው ካልተገኘ፣ መኪናውን አያንቀሳቅሰውም።

፬

ሌሎች ሕዝቦች ምን እንዳደረጉ መመልከት ይጠቅማል። በሰሜን ኢጣሊያ የምትገኘው የቦልሳኖ ከተማ በ1989 አንድ ቀላል ሐሳብ ጀመረች፤ ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ከትምህርት ቤቱ ፊት ያለውን መንገድ ለመኪና ዘጋች። ደቂቃው ሲያልፍ መንገዱ ይከፈታል። ይህ ልማድ ከዚያ በኋላ በለንደን፣ በፓሪስና በሌሎች ብዙ ከተሞች ተስፋፍቷል። በአውስትራልያ ዴቪድ ኢንግዊክት የተባለ ሰው በ1992 «በእግር የሚሄድ አውቶቡስ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይኸውም ልጆች ተሰልፈው፣ አንድ ትልቅ ሰው ከፊት፣ አንድ ደግሞ ከኋላ ሆኖ፣ በታወቀ መንገድና በታወቀ ሰዓት በየደጃፉ እየተቀባበሉ የሚሄዱበት ሥርዓት ነው። ነዳጅ አይጠይቅም፤ ማቆሚያም አይፈልግም። በኢትዮጵያ ገጠር ከአንድ መንደር የሚወጡ ልጆች ታላቁ ታናሹን እየመራ አንድ ላይ ተማሪ ቤት የመሄድ ልማድ ስላላቸው፣ ሐሳቡ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

ይልቁንም ለአፍሪካ ከተሞች የሚቀርበው ምሳሌ ከዳሬ ሰላም የተገኘው ነው። በዚያ አሜንድ የተባለ ድርጅት አደጋ በሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች አካባቢ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎችን ሠርቷል። የመኪናን ፍጥነት የሚቀንሱ ጉብታዎች፣ የእግረኛ ማቋረጫ ቀለም፣ መኪና በእግረኛው መንገድ ላይ እንዳይወጣ የሚከለክሉ አጫጭር ምሰሶዎች ተተከሉ፤ አንዳንድ ትምህርት ቤትም በሩን ከታላቁ መንገድ ወደ ጐን እንዲያዛውር ተደረገ። ልጆች ላይ የሚደርሰው ጉዳት መቀነሱ በጥናት ተረጋገጠ፤ ሥራውም በ2019 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። በአዲስ አበባም ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በአንዳንድ ቀናት ጐዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ሲተዉ ታይቷል። ለሰው ጐዳና መዝጋት ከተቻለ፣ ለሕፃን ለሃያ ደቂቃ መዝጋት የማይቻል አይሆንም።

፭

ክቡራንና ክቡራት መምህራን፤

ከላይ እንደ ተቈጠረው፣ የነገሩ ቍልፍ ሰዓትና ቈይታ ነው። ደወሉ ደግሞ ያለው በትምህርት ቤቱ እጅ ነው። ካውንቲው መንገዱን ይዟል፤ ፖሊሱ ፉጨቱን ይዟል፤ ወላጁ መሪውን ይዟል። ሁሉንም በአንድ ደቂቃ የሚጠራው ደወል ግን የመምህራን ነው። ስለዚህ ካውንቲው መንገድ እስኪያሰፋ ሳይጠበቅ ሊደረጉ የሚችሉ ጥቂት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ደወሉን መከፋፈል ነው። ታናናሾቹ ክፍሎች አስቀድመው፣ መካከለኞቹ ከ15 ደቂቃ በኋላ፣ ታላላቆቹ ደግሞ ከነርሱ 15 ደቂቃ ቆይተው ቢለቀቁ፣ በአንድ ጊዜ የሚመጣው መኪና ወደ ሢሶው ይወርዳል። ታናሽ ወንድም ያለው ታላቅ ልጅ ግን ከወንድሙ ጋራ እንዲወጣ ካልተደረገ እናቲቱ ለሁለት ዙር ስለምትቆይ፣ የክፍሉ መዝገብ ከመደወሉ በፊት ይታይ።

ሁለተኛው የቤቶችን መዝገብ መሥራት ነው። በአንድ አፓርታማ ወይም በአንድ መንገድ የሚኖሩ ስድስት ልጆች በስድስት መኪና እንደሚመጡ ብዙ ጊዜ ወላጆቹ ራሳቸው አያውቁም፤ የሚያውቀው ስማቸውን የሚጠራው አስተማሪ ነው። መዝገቡን የያዘው አስተማሪ ወላጆቹን ቢያገናኝ፣ በተራ መውሰድ ወይም በአዲስ አበባ እንደሚደረገው ተባብሮ ሰርቪስ መከራየት ይቻላል። 12 ሜትር ርዝመት ያለው አውቶቡስ የሚይዘው ቦታ የሁለት መኪና ነው፤ የሚያሳፍረው ግን የአንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ዓይነት ሥራ ነው። እርግጥ ልጅን ለጐረቤት መስጠት መተማመን ይጠይቃል፤ መተማመን ደግሞ የሚመጣው በስም ዝርዝርና በፊርማ፣ ማን ማንን እንዲወስድ እንደ ተፈቀደለት በበሩ ላይ በጥብቅ በማወቅ ነው።

ሦስተኛው የመኪናውን መቆሚያ ከበሩ ማራቅ ነው። ከትምህርት ቤቱ 300 ወይም 400 ሜትር ርቆ ያለ የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ሜዳ ወይም ገበያ ማቆሚያውን ለግማሽ ሰዓት ቢያውስ፣ ልጆቹ በመምህር መሪነት ተሰልፈው እስከዚያ ሊሄዱ ይችላሉ። ለአምስት ደቂቃ የእግር ጉዞ የሚደክም ልጅ የለም፤ ይልቁንም ቀኑን ሁሉ ተቀምጦ ለዋለ ሰውነት ይጠቅመዋል።

አራተኛው በበሩ ላይ ለሚቀረው ቦታ አንድ ሕግ ማውጣት ነው። ልጁ ሳይወጣ መኪናው ወደ በሩ አይጠጋም፤ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይቆምም፤ ሾፌሩ ከመኪናው አይወርድም፤ ልጁ የሚገባው በመንገዱ ዳር በኩል ባለው በር ብቻ ነው፤ ጐማ በእግረኛ መንገድ ላይ አይወጣም። ይህ ሕግ ለባለ ትልቅ መኪናውም ለባለ ትንሹም እኩል ካልሠራ ግን በሳምንቱ ይሞታል። ዘበኛ አንድ ባለሥልጣን አይቶ በሩን ከከፈተ፣ ልጆቹ ከዚያች ደቂቃ የሚማሩት ስለ ሕግ በክፍል ከተማሩት ሁሉ ይበልጣል።

በዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ ተቃውሞ ይነሣል። «መምህሩ ቀኑን ሙሉ አስተምሮ፣ ደብተር አርሞ፣ ደግሞ የትራፊክ ዘበኛ ይሁን?» የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለበት። የበር ጥበቃ የሥራ ሰዓት ሆኖ ካልተቈጠረ፣ በአንድ ታዛዥ መምህር ትከሻ ላይ ዓመቱን ሙሉ መጫን በደል ነው። ስለዚህ የመምህራን ማኅበር ነገሩን እንደ ሥራ ጕዳይ ሊይዘው ይገባል፤ ተረኛነቱ በጽሑፍ ይደልደል፤ ሰዓቱ ከማስተማሪያው ጋራ ይቈጠር፤ አንጸባራቂ ልብስና የዝናብ ካፖርት ይሰጥ፤ በአስፋልቱ ላይ መኪና የማስቆም ሥልጣን ያለው የትራፊክ ፖሊስም በዚያች ሰዓት እንዲገኝ አስተዳደሩ ይጠየቅ። መምህሩም ራሱ ከዚህ መጨናነቅ ነጻ አይደለም፤ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ በዋያኪ ጐዳና ማታቱ ለመሳፈር ሲቆም፣ ያው የተዘጋ መንገድ የእርሱንም ምሽት ይወስድበታል።

ደግሞም ነገሩ ራሱ ትምህርት ሊሆን ይችላል። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት በአጥሩ ውስጥ ቆመው ስንት መኪና እንደ መጣ፣ እያንዳንዱ ስንት ደቂቃ እንደ ቆየ፣ ስንት ልጅ እንደ ጫነ፣ ስንት ልጅ በእግሩ እንደ ሄደ ቢቈጥሩና ቍጥሩን በሰሌዳ ላይ ቢያወጡት፣ ሒሳብንም የዜግነትን ግብር ይማራሉ። የወላጆች ስብሰባ በተደረገ ጊዜ ያን ሰሌዳ የሚያሳየው ልጅ እንጂ ዲሬክተሩ መሆን የለበትም። ከዲሬክተር ጋራ የሚከራከር ወላጅ ብዙ ነው፤ የገዛ ልጁ የቈጠረውን የሚክድ ግን አይገኝም።

የመንገዱ መስፋት፣ የእግረኛው ድልድይ፣ የአውቶቡሱ ብዛት የመንግሥት ሥራ ነው፤ መንግሥትም ሊጠየቅበት ይገባል። ነገር ግን ያ ሁሉ እስኪሠራ ድረስ ነገም ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ ደወሉም ይደወላል። በመኪና የሚሄደው ልጅ ትንሽ ዘግይቶም ቢሆን ከቤቱ ይደርሳል። ወደ ካንጌሚ በእግሩ የሚሄደው ልጅ ግን የሚያልፍበት የእግረኛ መንገድ በዚያች ሰዓት ክፍት መሆን አለበት። አንድ ትምህርት ቤት የመጨረሻውን ደወሉን በሚገባ መርቷል የሚባለው፣ ይህ ልጅ ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ፣ ወደ አስፋልቱ ሳይወርድ፣ ከበሩ እስከ መንገዱ ማጠፊያ በሰላም ሲሄድ መምህሩ ከደጁ ቆሞ ያየው እንደ ሆነ ነው።